የወሊድ ፈቃድ ከማለቁ በፊት፦ ልጅን ለሞግዚት ወይም ለማቆያ የማስረከብ ዝርዝር መመሪያ ለጅማ ወላጆች

ሰኞ ሥራ መግባት አለ። ሐሙስ ማታ ለደላላ ይደወላል። ቅዳሜ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ትመጣለች። እሑድ ዳይፐር ሲቀየር ታያለች። ሰኞ 2:30 ላይ እናት ቢሮ ቁጭ ብላ ስልኳን እያየች እንባዋን ትጠርጋለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ ትሄድና እንደገና ለደላላ ይደወላል።

በመጀመሪያ ልጄ እኔም እንዲሁ ነው ያደረግሁት። በአንድ ወር ሦስት ሞግዚት ቀያየርኩ። ቆይቶ ሲገባኝ ችግሩ ከሞግዚቶቹ አልነበረም። ርክክብ የሚባል ነገር አላደረግሁም። የመጋዘን ሠራተኛ እንኳ ቁልፍ ሲያስረክብ ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ነው። እኔ ግን የአራት ወር ልጄን በአንድ እሑድ አስረክቤ ወጣሁ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ደረጃዎች ጊዜ ቢያጥራችሁ ሌላውን አሳጥሩ እንጂ ደረጃ 6ን፣ የአሥር ቀኑን ርክክብ፣ አትዝለሉ።

## ደረጃ 1፦ ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

መጀመሪያ ወደ ሥራ የምትመለሱበትን ቀን በጽሑፍ አረጋግጡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ቀኑ እንዴት እንደሚቆጠር የሰው ሀብት ክፍላችሁን ጠይቁ። በግምት አትሂዱ። የዓመት ፈቃድ ካላችሁ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር ማያያዝ ይቻል እንደሆነ በዚያው ጠይቁ። አባት በዚሁ አዋጅ 3 ቀን ከነደመወዙ አለው። ይህ ለወሊዱ ሰሞን እንጂ ለርክክቡ አይደርስም። ስለዚህ አባት ከዓመት ፈቃዱ ቢያንስ ሁለት ቀን ለርክክቡ ሳምንት ያስቀምጥ።

ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦

- 8 ሳምንት ሲቀር፦ ማን እንደሚይዝ ወስኑ።
- 6 ሳምንት ሲቀር፦ ፍለጋ ጀምሩ።
- 3 ሳምንት ሲቀር፦ ሰው ተገኝቶ መሆን አለበት። ወተት ማለብ ጀምሩ።
- 2 ሳምንት ሲቀር፦ ርክክብ።

የመመለሻ ቀናችሁ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ፍለጋውን በአንድ ወር አስቀድሙ። ጅማ ዙሪያ ያ ወቅት የቡና ለቀማ ነው። ከጎማ፣ ከማና፣ ከሰቃ የሚመጡ ልጆችን ቤተሰብ ወደ ቤት ይጠራቸዋል። ለቀማው ራሱም ቶሎ የሚጨበጥ ገንዘብ አለው። በዚያ ሰሞን ሞግዚት መፈለግ በሐምሌ ጠዋት ባጃጅ እንደመፈለግ ነው።

## ደረጃ 2፦ ማን ይያዝ?

ምርጫው ሦስት ነው፦ ዘመድ፣ ሞግዚት ወይም ማቆያ።

አያት ወይም አክስት። ፍቅሩ አስተማማኝ ነው። ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር በግልጽ ተነጋገሩ፦ እስከ መቼ እንደሚቆዩ፣ ልጁ ምን እንደሚበላ፣ ሲታመም ምን እንደሚደረግ። «እናቴ አይደለች፣ ምን እነግራታለሁ» አትበሉ። አያት ልጅ ያሳደገችው በሌላ ዘመን ነው። ቂቤ ማስላስ፣ የአብሽ ውኃ ማጠጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ ለእሷ ደግነት ነው። በአክብሮት ንገሯት፤ ከቻላችሁ ለክትባት ስትሄዱ አብራችሁ ይዛችኋት ሂዱና የጤና ባለሙያዋ ትንገራት። ከልጇ አፍ ከምትሰማው ይልቅ ነጭ ጋወን ከለበሰች ሴት ብትሰማው ይቀላታል።

ሞግዚት። ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ አቅም ካለ እኔ ይህን እመርጣለሁ። አንድ ሰው ለአንድ ልጅ። ተመላላሽ ወይስ አዳሪ የሚለው በቤታችሁ ስፋት ይወሰናል። የምትተኛበት የራሷ ቦታ ከሌለ አዳሪ አትቅጠሩ። ተመላላሽ ከሆነች የምትኖርበት ሰፈር ቅርብ ይሁን። ጊንጆ ጉዱሩ የሚኖር ቤተሰብ ከአጋሮ መንገድ ዳር የምትመጣ ልጅ ከቀጠረ በክረምት በየሳምንቱ ሁለት ቀን ያረፍዳል።

ማቆያ። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነና እኩዮቹን ለሚፈልግ ልጅ ጥሩ ነው። በመጀመሪያ የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። በ2010 የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞች ሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። መሥሪያ ቤታችሁ ማቆያ ከሌለው ልጅ ያላቸው ሠራተኞች ስማቸውን አሰባስበው በደብዳቤ ይጠይቁ። አንዲት እናት ብቻዋን ስትጠይቅ «እናያለን» ይባላል። አሥራ ሁለት እናቶች ሲፈርሙ ቢያንስ ክፍል ይፈለጋል።

## ደረጃ 3፦ ሞግዚት መምረጥና መዋዋል

### የት ትፈለግ?

መጀመሪያ የሚያውቋችሁን ጠይቁ፦ ጎረቤት፣ ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የሥራ ባልደረባ። ሞግዚት የነበረቻቸውና ልጃቸው ትምህርት ቤት የገባ ቤተሰቦች ዋና ምንጭ ናቸው። ደላላ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። በደላላ ከሄዳችሁ ኮሚሽኑን ሙሉውን በመጀመሪያው ቀን አትክፈሉ። ግማሹን ከአንድ ወር በኋላ እንደምትከፍሉ ተስማሙ። ሙሉውን ተቀብሎ የጨረሰ ደላላ ልጅቷ በሳምንቷ ብትሄድም ግድ የለውም።

### ዕድሜ

ከ15 ዓመት በታች የሆነች ልጅ መቅጠር በሕግ ክልክል ነው። ለሕፃን ግን እኔ ከ18 በታች አልቀጥርም። የ16 ዓመት ልጅ ራሷ ልጅ ናት። ሕፃኑ ትን ሲለው የምትደነግጠው እሷ ትቀድማለች።

### ጥያቄዎቹ

«ልጅ ትወጃለሽ?» አትበሉ። ሁሉም አዎ ይላል። እነዚህን ጠይቁ፦

1. «መጨረሻ የያዝሽው ልጅ ስንት ወሩ ነበር? ለምን ወጣሽ?»
2. «ልጁ ያለማቋረጥ ቢያለቅስ በመጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»
3. «ትኩሳት ቢኖረው ምን ትሰጪዋለሽ?» ትክክለኛው መልስ «እደውላለሁ» ነው። «ሽሮፕ እሰጠዋለሁ» ካለች በደንብ ማስተማር ይጠበቅባችኋል።
4. «ለቡና ለቀማ፣ ለመስቀል፣ ለዒድ አገር ቤት ትሄጃለሽ? ለስንት ቀን?»

ከዚያ ልጁን ስጧትና ዝም ብላችሁ እዩ። እጇን ሳትታጠብ ትቀበለዋለች? ጭንቅላቱን ትደግፋለች? ታናግረዋለች? ከአሥር ጥያቄ ይልቅ ይህ አምስት ደቂቃ ይናገራል።

### ወረቀት

- የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያዋን ኮፒ ያዙ።
- አድራሻው የሚታወቅ ተያዥ ይኑራት። ተያዡን ስልክ ደውላችሁ ሳይሆን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አግኙት።
- ቀድሞ የሠራችበት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ተያዥም ሆነ የቀድሞ አሠሪ ከሌላት አትቸኩሉ።
- ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ በራሳችሁ ወጪ አስመርምሩ። ሳል ካላት ስለ ሳንባ ነቀርሳ በግልጽ ጠይቁ። የሰገራ ምርመራም ይደረግ።
- ስምምነቱን በአንድ ገጽ ጻፉ፦ ደመወዝ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የዕረፍት ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ ለመውጣት ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚነገር። ማንበብ ካልቻለች ተያዡ ባለበት አንብቡላት።

### ሥራዋ አንድ ነው

ሞግዚት የሚሄድብን እዚህ ላይ ነው። ልጅ ያዢ ብለን እንቀጥራለን። በሁለተኛው ሳምንት «እግረ መንገድሽን ልብሱን እጠቢ» ይመጣል። በሦስተኛው ሽንኩርት መክተፍ፣ በአራተኛው እንጀራ መጋገር። ምጣድ ላይ የቆመች ሴት ልጅ መያዝ አትችልም። ልጁ ወይ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ጭስ ይጠጣል፣ ወይ መሬት ላይ ብቻውን ይድሃል። ከዚያ ልጁ ሲቃጠል «ግድየለሽ ናት» እንላለን።

የልጁን ልብስ ማጠብ፣ የልጁን ምግብ መሥራት፣ የልጁን ክፍል ማጽዳት የእሷ ነው። ከዚያ ያለፈ ከጨመራችሁ ልጁን የሚይዝ ሰው ቤት ባለበት ሰዓት ይሁን፤ ክፍያም ጨምሩ። ደመወዝ በቀኑ ክፈሉ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ቢሆን ለሁለታችሁም ማስረጃ ይሆናል። የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች አስተምሯት። በእኔ ቤት ሦስት ዓመት የቆየችው ልጅ የማታ ትምህርት የጀመረችው ናት።

## ደረጃ 4፦ ማቆያ ከመረጣችሁ

በቀጠሮ አንድ ጊዜ፣ ሳትናገሩ ሁለት ጊዜ ሂዱ። ያልተነገረው ጉብኝት አንዱ ረፋድ 5:00 ላይ፣ ሌላው ከቀኑ 9:00 ገደማ ይሁን። ጠዋት ሁሉም ቤት ንጹሕ ነው።

እነዚህን እዩ፦ አንዲት ተንከባካቢ ስንት ሕፃን ይዛለች? ከ1 ዓመት በታች ላሉት ከሦስት በላይ ከያዘች ሌላ ፈልጉ። ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር እጅ ይታጠባሉ? ውኃ ሲጠፋ የሚጠቀሙበት በርሜል ክዳን አለው? ልጆቹ የሚተኙት በጀርባቸው ነው? አጎበር አለ? በሩ ለውጭ ሰው ክፍት ነው ወይስ ዘብ ይጠይቃል? የታመመ ልጅ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?

«ወላጅ በፈለገው ሰዓት መግባት አይችልም» የሚል ማቆያ ከሆነ እዚያው ተዉት።

## ደረጃ 5፦ ቤቱንና ወተቱን ማዘጋጀት

### ቤቱ

በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ በልጁ ከፍታ ቤቱን ዙሩ። የምታዩት ይለያል።

- ረከቦት። ጅማ ላይ ቡና የማይፈላበት ቤት የለም። ጀበናውና ከሰሉ መሬት ላይ ነው፤ የሚድህ ልጅም መሬት ላይ ነው። ሕጉ አጭር ይሁን፦ ልጅ በነቃበት ሰዓት ሞግዚቷ ብቻዋን እያለች ቡና አይፈላም።
- ፍሬ። የቡና ፍሬ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ሳንቲም። ምንጣፉን በየጠዋቱ በእጅ ዳብሱ።
- ከሰል። በተዘጋ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል ሽታ በሌለው ጭስ ይገድላል። በክረምት ብርድ ልጁን ለማሞቅ ብላ እንዳታስገባ በግልጽ ንገሯት።
- ባልዲ። ውኃ ያለው ባልዲ ሁልጊዜ ክዳን ይኑረው ወይም ከፍ ይበል። ትንሽ ልጅ በጥቂት ውኃ ይሰጥማል።
- ሃይላንድ ጠርሙስ። በረኪናና ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ውኃ ነው ብሎ ይጠጣዋል።
- አጎበር። ከመስከረም ጀምሮ የወባ ወቅት ስለሆነ የቀን እንቅልፍም በአጎበር ይሁን።

### ወተት ማለብ

ልጃችሁ 6 ወር ካልሞላው የሚያስፈልገው የእናት ጡት ወተት ብቻ ነው። ውኃም ቢሆን አይጨመርም። ማለብ የሚጀመረው ሥራ ከመግባት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው።

1. አፉ ሰፊ፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ ለ10 ደቂቃ ቀቅሉ። እጅ በሳሙና ታጠቡ።
2. በሞቀ ፎጣ ጡቱን ሸፍናችሁ ትንሽ ቆዩ። ልጁን ወይም ፎቶውን ማየት ወተቱ ቶሎ እንዲወርድ ይረዳል።
3. አውራ ጣትን ከጡት ጫፍ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከሥር አድርጉ። ከጫፉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይራቁ።
4. መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ከዚያ ልቀቅ። ጣታችሁ ቆዳው ላይ አይንሸራተት። ጫፉን አትሳቡ። የሚያም ከሆነ የጣታችሁ ቦታ ልክ አይደለም።
5. ሲቀንስ ጣታችሁን አዙሩ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በኋላ ወደ ሌላው ጡት፣ ከዚያ እንደገና። በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

በመጀመሪያው ቀን የብርጭቆውን ሥር ብቻ ቢሸፍን አትደንግጡ። በሳምንቱ ይጨምራል።

ስንት ይበቃል? ከእናት በተለየበት በእያንዳንዱ ሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል አስቡ። የመንግሥት ሥራ ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ይህን ተጠቀሙበት። ከፈረንጅ አራዳ ኮቺ ወይም ሒርማታ በባጃጅ ለምሳ ደርሶ አጥብቶ መመለስ ይቻላል። ይህን ካደረጋችሁ ለጠዋት 135፣ ለከሰዓት 135 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። የቤታችሁ ሲኒ ስንት እንደሚይዝ በሲሪንጅ ለኩት። ሞግዚቷ በሚሊ ሊትር ሳይሆን በሲኒ ታስብ።

አቀማመጥ፦

- ቤት ውስጥ እስከ 25 ዲግሪ ባለ ሙቀት፦ 4 ሰዓት። በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ስለሚሞቅ ከዚያም ያነሰ።
- ፍሪጅ ውስጥ፦ 4 ቀን። በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ።
- በረዶ ባለበት ማቀዝቀዣ ቦርሳ፦ 24 ሰዓት። መሥሪያ ቤት ያለባችሁት ወተት በዚህ ይመጣል።
- ልጁ አፉን ያስገባበት ትራፊ፦ ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል።
- መብራት ከሄደ ፍሪጁን አትክፈቱ። ተዘግቶ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

በየብርጭቆው ላይ ቀንና ሰዓት በፕላስተር ለጥፉ። ለማሞቅ ብርጭቆውን የሞቀ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። እሳት ላይ አይጣድም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በሁለተኛው ልጄ ጊዜ ቢሮ ሆኜ ሞግዚቷ ደወለች። «እትዬ፣ ወተቱ ተበላሽቷል። ላዩ ቅባት፣ ሥሩ ውኃ ሆኗል። ደፋሁት።» አንድ ሙሉ ብርጭቆ ነበር። የእናት ወተት ሲቀመጥ ቅባቱ ወደ ላይ መውጣቱ ያለ ነው። ቀስ ብሎ ማዞር ነው የሚፈልገው። ልጅቷ ጥፋት አልነበረባትም፤ ያላሳየኋት እኔ ነኝ። የተለያየውን ወተት በዓይኗ አሳይታችሁ፣ በእጇ አዙራ እንድትቀላቅለው አድርጉ።

በሲኒ ማጠጣት። ከጡጦ ሲኒ ይሻላል፣ ለማጠብ ቀላል ነው፤ ልጁም ጡት አይጠላም። ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ። የሲኒው ጠርዝ የታችኛውን ከንፈር ይንካ። ወተቱ ከንፈሩ ጋ ይድረስ፣ ግን አፉ ውስጥ አይፍሰስ። ልጁ ራሱ ይላስ። ከቸኮለች ትን ይለዋል።

6 ወር ያለፈው ልጅ ምግብ ይጀምራል፦ በወተትና በዘይት የወፈረ ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ እንቁላል፣ አቮካዶ። አቮካዶ ጅማ ላይ ሞልቷል፣ ተጠቀሙበት። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም፤ ከማንኪያ የማይንጠባጠብ ይሁን። ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቀምስም።

## ደረጃ 6፦ የአሥር ቀን ርክክብ

ቀን 1–3። ሁሉን እናንተ አድርጉ፣ እሷ ትይ። እያደረጋችሁ ተናገሩ። «አሁን ዓይኑን እያሸ ነው፣ እንቅልፉ መጣ» በሉ። የልጁን የለቅሶ ዓይነት ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቀን 4–5። ሁሉን እሷ ታድርግ፣ እናንተ ተቀመጡ። እጃችሁን አታስገቡ። ከባዱ ይህ ነው። ልጁ ሲያለቅስ በየሰከንዱ ከቀማችኋት ልጁም እሷም «ይህች አትችልም» የሚለውን ይማራሉ። አደጋ ካልሆነ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ታገሡ። አስተያየት ካላችሁ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ሰው በሌለበት ንገሯት።

ቀን 6። ለ30 ደቂቃ ውጡ። ሱቅ ሂዱ። ስልክ አትደውሉ።

ቀን 7። ለ2 ሰዓት ውጡ። አንድ ጊዜ የታለበ ወተት እሷ ታጠጣው። እናት ቤት ካለች ብዙ ልጅ ሲኒውን ይገፋል፣ ጡቱ ይሸተዋል። ስለዚህ ይህ የሚሞከረው እናት ወጥታ ነው።

ቀን 8። ግማሽ ቀን። ጠዋት በሥራ ሰዓታችሁ ወጥታችሁ ለምሳ ተመለሱ።

ቀን 9። ሙሉ ቀን፣ ልክ እንደ ሥራ ቀን። አባት ሳይናገር በመሃል ብቅ ይበል።

ቀን 10። እንደገና ሙሉ ቀን። ማታ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋት፦ «ምን ከበደሽ?» በእርግጥ ስሟት።

### በቃል ብቻ አይቅር

ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ የእናት ስልክ፣ የአባት ስልክ፣ የቅርብ ጎረቤት፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ስልኳ ውስጥ ሁልጊዜ ሒሳብ ይኑር። ማንበብ ካልቻለች የግድግዳ ሰዓቱ ላይ የምግብ ሰዓቱን በቀለም ምልክት አድርጉ፣ መመሪያውን ድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩላት።

አፋን ኦሮሞ፣ ዳውርኛ ወይም ከፍኛ የምትናገር ከሆነ ልጁን በዚያው ታናግረው። ልጅ ሁለት ቋንቋ ሲሰማ አይምታታበትም። እናንተ ግን የበሽታ ቃላትን ከእሷ ተማሩ። «ቁፋ» ሳል፣ «ጋራ ካሳ» ተቅማጥ፣ «ሆአ ቃማ» የሰውነት ትኩሳት መሆኑን ካላወቃችሁ በስልክ ስትነግራችሁ ትምታታላችሁ።

### ሦስት ነገር በእጇ ታድርግ

በአሻንጉሊት ወይም በጥቅል ፎጣ አለማምዷት፦

1. ትን ሲለው (ከ1 ዓመት በታች)። ማልቀስም ማሳልም ካልቻለ በክንድ ላይ በሆዱ፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ፣ በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ በመዳፍ ምቺ። ካልወጣ በጀርባው ገልብጠሽ የደረቱ መሃል ላይ በሁለት ጣት 5 ጊዜ ተጫኚ። እስኪወጣ አፈራርቂ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አታስገቢ። ራሱን ከሳተ ጎረቤት ጥሪ፣ 907 ይደወል።
2. ሲቃጠል። ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሺበት። ኮልጌት፣ ቂቤ፣ እንቁላል አይቀባም። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።
3. ሲያስቀምጠው። ጡት ወይም ወተት አይቋረጥ። ኦአርኤስ አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በቀኑ ያላለቀው ይደፋል። ለእናት ይደወላል።

## ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው የሥራ ሳምንት

ሥራ መጀመር ከቻላችሁ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጀምሩ። ሁለት ሦስት ቀን ሠርታችሁ ዕረፍት ይደርሳል።

ጠዋት 1:30 ላይ ሞግዚቷ ቤት ትሁን። ልጁን አጥብታችሁ፣ አቅፋችሁ፣ ቻው ብላችሁ ውጡ። ተደብቃችሁ አትውጡ። በተለይ 8 ወር ያለፈው ልጅ ሳያይ ከጠፋችሁበት ከዚያ በኋላ መታጠቢያ ቤት ስትገቡም ያለቅሳል። ቻው ስትሉት ቢያለቅስም መመለሳችሁን ይለምዳል። በር ላይ ግን አትመላለሱ።

በቀን ሁለት ጊዜ ደውሉ፣ ሰዓቱ ይታወቅ። በየግማሽ ሰዓቱ መደወል እሷን ከልጁ ላይ ማንሳት ነው። ዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5:30 ጀምሮ ስለሆነ ረጅም ሰዓት አላችሁ፤ ልጁን በደንብ ለማየት ያንን ተጠቀሙ። ክብደቱን፣ ቆዳውን፣ መቀመጫውን እዩ።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀሬ ነው። ባጃጅ ይጠፋል። የምትዘገዩበትን አንድ ሰዓት አስባችሁ ተጨማሪ ወተት ተዉ፣ ልብስም ስለማይደርቅ ቅያሪ አብዙ።

## ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

ሞግዚቷ ጠዋት ካልመጣች። ይህ ከመድረሱ በፊት ሁለት ተጠባባቂ ሰው ይኑራችሁ፤ አንዷ ጎረቤት ትሁን። ልጁ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እሷ ቤት ውሎ ይልመዳት። እናትና አባት ማን እንደሚቀር በተራ ይሁን። ሁልጊዜ እናት የምትቀር ከሆነ ሥራዋን የምታጣው እሷ ናት።

ልጁ ሲኒ እምቢ ካለ። በጣም ከመራቡ በፊት ሞክሩ። በማንኪያ ሞክሩ። እናት ከቤት ትውጣ። የለበሰችውን ነጠላ ለሞግዚቷ ተዉላት። ቀን ጥቂት ብቻ ጠጥቶ ማታ ደጋግሞ የሚጠባ ልጅ አለ። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና አይዟችሁ፤ ሽንቱ ከቀነሰና ከፈዘዘ ጤና ጣቢያ።

ወተት ከቀነሰ። ቢሮ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ እለቡ። ማታና ቅዳሜ እሑድ በጡት ብቻ ይሁን። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ይመለሳል። ወዲያው ቆርቆሮ ወተት መጀመር ጡቱን የበለጠ ያደርቀዋል።

ልጁ ከታመመ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪና በላይ ከሆነ ትደውል። 3 ወር ያልሞላው ልጅ ከሆነ ያኔውኑ ጤና ተቋም ይሂድ። ዕድሜው ምንም ይሁን፣ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከፈዘዘና አልነቃ ካለ እናንተን አትጠብቅ። ከጎረቤት ጋር ይዛው ትሂድ። ለዚህ የሚሆን ብርና የክትባት ካርዱ በር አጠገብ፣ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ክትባቱን ለሞግዚት አትተዉት፤ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር አንዳችሁ ፈቃድ ወስዳችሁ አድርሱ።

ልጁ ያለወትሮው ብዙ የሚተኛ ከሆነ። ስትመለሱ ሁልጊዜ ተኝቶ ካገኛችሁት፣ ማታም ከደነዘዘ፣ የሳልና የአለርጂ ሽሮፖችን ለኩ፤ መቀነሱን እዩ። ልጅ ለማስተኛት ሽሮፕ የሚሰጡ አሉ። ያልታወቀ ሰንበር ካያችሁ፣ ወይም ልጁ እሷን ሲያይ ከተሸማቀቀ መጀመሪያ ልጁን ጤና ተቋም ወስዳችሁ አስመርምሩ፣ ወረቀቱን ያዙ። በዚያ ቀን ልጁን ለእሷ አትተዉ። ጉዳት ካለ ለፖሊስ አመልክቱ። ከጥርጣሬ በስተቀር ምንም ከሌለ ግን አትጩኹባት። ሁለት ሦስት ቀን ባልተጠበቀ ሰዓት ግቡ፣ ጎረቤት ምን እንደሰማች ጠይቁ።

ለቡና ለቀማ እሄዳለሁ ካለች። አትከልክሏት። ብትከለክሏት ሳትናገር ትሄዳለች። ቀኑን በመስከረም ተስማሙ። ስትመለስ የሚሰጣት ጭማሪ ካለ አሁኑኑ ንገሯት፣ የዓመት ፈቃዳችሁን ለዚያ ሳምንት አስቀምጡ፣ አያትንም ከአሁኑ ጠይቁ። ምትክ የምታመጣ ከሆነ እህቷም ብትሆን አሥሩን ቀን ባይሆን አምስቱን ቀን አብረዋት ይቆዩ። ስትመለስ ልጁ ለአንድ ሁለት ቀን ፊቱን ሊያዞርባት ይችላል። እንዳይከፋት አስቀድማችሁ ንገሯት፤ የመጀመሪያውን ጠዋት እናንተ ቤት ሁኑ።